የሰርክአዲስ ትውልድ ቆጠራ

ሰርክአዲስ ለሽምግልናው ቀን ከፋብሪካ ፈቃድ ስትጠይቅ ሐፍረት ያዛት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ኮምቦልቻ ካለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ከገባች ጀምሮ የክፍሏ ሴቶች ተራ በተራ ሲዳሩና ሲወልዱ እሷ አጨብጫቢና ገንፎ በይ ሆና ኖራለች። አለቃዋ "ለምን ጉዳይ?" ሲላት "የቤተሰብ ነው" ብላ ልታልፍ ነበር። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ረውዳ ግን አላስቻላትም።

"ሽማግሌ ሊመጣላት ነው! ወላሂ ሊመጣላት ነው!" ብላ በማሽኑ ጩኸት ላይ ጮኸች። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ።

የሚያገባት ሰው ደሳለው ይባላል። የቦሩ ሜዳ ገበሬ ልጅ ነው፤ እዚያው ኮምቦልቻ ብረት በያጅ ሆኖ ይሠራል። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎ የሚስቅ ሰው ነው። የተዋወቁት በጦርነቱ ማግስት፣ ፋብሪካዎች ተዘግተው ሠራተኛው ሥራ ፈቶ በየደጁ በተቀመጠበት ሰሞን ነበር። የተሰበረ በሯን ሊበይድላት መጣ። በሩ ከተሠራ በኋላም "ደህና ይዘጋል ወይ?" እያለ ደጋግሞ ተመላለሰ። በሩ ደህና ይዘጋ ነበር።

ሽማግሌዎቹን የተቀበሏቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አጎቷ ቤት ነው። አባቷ ገና ልጅ ሳለች ስለሞተ እሷንና እናቷን የኔነሽን ያስጠጉት የእናቷ ታላቅ ወንድም አቶ ወልደ ሚካኤል ናቸው። እናቷ ዛሬም በእሳቸው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች። አቶ ወልደ ሚካኤል ጡረተኛ ናቸው። በሀብት አይኮሩም፤ ሀብትም የላቸው። የሚኮሩት በዘራቸው ነው። የገራዶው ግራዝማች ሽበሽ ተወላጆች በየዓመቱ ደሴ ላይ ሲሰበሰቡ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። የትውልዱ ሐረግ በመጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ ደግሞ አንዱን ቅጂ በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አኖሩት።

የዚያን ቀን መጽሐፉ ከሣጥን ወጣ።

የደሳለው ወገን ሽማግሌ የአባቱ ወንድም ቄስ ወንድምአገኘሁ ነበሩ። ሰላምታው አለቀ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ተባለ። ከዚያ ቄሱ "እንግዲህ ሥርዓት ነውና ትውልድ እንቁጠር፤ ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም" አሉ። የሰርክአዲስ የአባቷ ወገን ከሩቅ አገር ስለሆነ በቶሎ ታለፈ። ወደ እናቷ ወገን ሲመጣ አቶ ወልደ ሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው፣ ገጹን ገልጠው፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ሰርክአዲስ የየኔነሽ፣ የኔነሽ የወርቄ፣ ወርቄ የአትጠገብ፣ አትጠገብ የግራዝማች ሽበሽ!"

ቄስ ወንድምአገኘሁ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። "የትኛው ሽበሽ?"

"ሽበሽ ስንት አለና ነው! የገራዶው ነዋ!"

"እንግዲያማ" አሉ ቄሱ በቀስታ፣ "እኛም የሽበሽ ነን።"

መጽሐፉን ቢያገላብጡት በሌላ ገጽ የደሳለው ቅድመ አያት ተጽፎ ተገኘ። ልጆቹ ወደ ቦሩ ሜዳ ሄደው ስለቀሩ ሐረጉ እዚያ ላይ ቆሟል። ቄሱ በጣታቸው ቆጠሩ። በእሷ በኩል አራት፣ በእሱ በኩል አምስት። እንደገና ቆጠሩ፤ ያው ሆነ።

"እህትና ወንድም ናቸው" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። የተዘጋጀው ምግብ ሳይነካ ቀረ። ሰርክአዲስ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ሰማች። ደሳለውን ስታየው መሬት መሬት ያይ ነበር።

ኮምቦልቻ በተመለሰች ጊዜ የክፍሏ ሴቶች ቀኑ መቼ እንደሆነ ሊጠይቋት ከበቧት። ረውዳ የሰርክአዲስን ፊት አይታ ገባትና ሴቶቹን በተነቻቸው።

"አብሽሪ" አለቻት ኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ። "እኛ ጋ እኮ የአጎት ልጅም ይገባል። እናንተ የሞተ ሰው ድረስ ወርዳችሁ ትቆጥራላችሁ። ቆይ፣ ያ መጽሐፍ ቁርአን ነው እንዴ? ሰው አይደል የጻፈው? ሂጂና ጻፊውን ጠይቂው።"

የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ኪዳኑ ናቸው፤ ደሴ፣ ሆጤ ነው ቤታቸው። እሳቸውም በወንድ ልጁ በኩል የግራዝማች ሽበሽ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። ሰርክአዲስ ሄዳ የመጣችበትን ስትነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት።

"ምናልባት ቅድመ አያቴ ላይ ስሕተት ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው የመጣሁ" አለች። "አትጠገብ የሌላ ሽበሽ ልጅ ትሆን እንደሆነ።"

"ሌላ ሽበሽ የለም።"

"እርስዎ ከየት አገኙት?"

"ከሰው አፍ። ጥቂቱን ደግሞ ገራዶ ካለችው ቤተ ክርስቲያን፣ ከዱሮ የጋብቻ ጽሑፍ።" መነጽራቸውን መልሰው አድርገው "ልጄ" አሉ፣ "አንቺ ወጣት ነሽ፤ ሌላ ሰው ይገኝልሻል። እዚያ ሄደሽ የምታገኚው ነገር ደስ አያሰኝሽም።"

ይህን ባይሏት ኖሮ ምናልባት ትተወው ነበር። አሁን ግን እንቅልፍ ነሳት። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኗ ከደሳለው ጋር የሐረጎን ዳገት ወጥተው፣ ደሴን አልፈው ገራዶ ወረዱ።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ቄሰ ገበዝ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ጠባቂ እንደመሆናቸው የዱሮውን ሁሉ ያውቁታል። በዚያ ዘመን የጋብቻ መዝገብ የሚባል እንዳልነበረ፣ የቁርባን ጋብቻ የፈጸመ ሰው ስሙ በቅዳሴ መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍለት እንደነበር እያወሩ ብራናውን አወጡ። ቅጠል በቅጠል ገለጡ። የአትጠገብ ስም ሲገኝ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

"አትጠገብ፣ በግራዝማች ሽበሽ ቤት ያደገች፣ አባቷ የማይታወቅ፣ አገሯ ሩቅ..." ድምፃቸው ዝግ አለ። "...ነጻ የወጣች። ከዲያቆን ገብረ ሕይወት ጋር በሥጋ ወደሙ ተጋባች። ከእንግዲህ ማንም የእኔ ናት አይበል።"

"ነጻ የወጣች ማለት?" አለች ሰርክአዲስ።

"የዱሮ ነገር ነው ልጄ።"

"አባ፣ ይንገሩኝ።"

ሽማግሌው ብራናውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። "ተገዝታ የመጣች ማለት ነው። ኋላ ጌታዋ ለቀቃት። ይህን የጻፉት አባት ክፉ አስበው አይደለም። ነጻ መውጣቷ ካልተጻፈ ነገ የጌታዋ ወራሽ ተነሥቶ እሷንም ልጆቿንም የእኔ ናቸው ይላላ! መከታ እንዲሆናት ነው የጻፉላት።"

ሰርክአዲስ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ኋላ ሁልጊዜ የምታፍርበት ይህንን ነው። ዘመዱ አይደለሁም! አለ ልቧ። ደሳለውም ክንዷን ጨብጦ "ተገላገልን እኮ!" አለ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ቀስ እያለ የገባት። ባሪያ የሚለው ቃል በልጅነቷ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጣላ የሚወራወረው ስድብ ነበር። እሷም ወርውራው ታውቃለች።

ወደ መንገድ ሲወጡ "የገዛት ያንተ አያት ነው" አለችው።

ደሳለው እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ አሰበ። ሚኒባስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ደሴ ደረሱ። እሷ ወደ እናቷ፣ እሱ ወደ ኮምቦልቻ ሊለያዩ ሲሉ "መጽሐፉ ተሳስቷል ብንል አይበቃም? ሌላውን ማን ያውቃል?" አላት።

"ቄስ ወንድምአገኘሁ በምን ተሳሳተ ቢሉስ?"

"እሱን... እንጃ።"

ለእናቷ ነገረቻት። የኔነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ አልደነገጠችም። ሰርክአዲስን ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

"ታውቂ ነበር እማዬ?"

"የነገረኝ የለም። ግን እናቴ ወርቄ ወደ ግራዝማች ልጆች ቤት ለድግስ ስትጠራ በጓሮ በር ነበር የምትገባው። እኔንም በእጄ ይዛ በጓሮ ታስገባኝ ነበር። በፊት ለፊት በር አንድ ቀን ሮጬ ብገባ መታችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም።" ልጇን እጇን ያዘቻት። "ስሚኝ፣ ይህን ነገር እዚያው ገራዶ ተይው። አጎትሽ ይሞታል፤ እኔንም ከዚህ ግቢ ያስወጣኛል። ባል ሌላ ይገኛል፤ ስም ግን ከጠፋ አይገኝም።"

"ስሙ የማን ሆነና እማዬ?" አለች ሰርክአዲስ። "የገዛን ሰውዬ ስም አይደል?"

እናቷ እጇን ለቀቀች። ያን ዕለት ሳይሳሳሙ ተለያዩ።

ከዚያ ሰርክአዲስ በቀጥታ ወደ መምህር ኪዳኑ ቤት ወጣች። መቀመጫ ሳትጠብቅ "አንብበውት ነበር" አለቻቸው።

"አንብቤው ነበር።"

"አውቀው ነው ልጅ ብለው የጻፉት?"

"ምን ብዬ ልጻፍ ኖሯል?" አሉ። "አጎትሽ ምዝገባው ላይ መጡ፤ የግራዝማች የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ አሉ፤ ዓይናቸው ያበራል። አይደሉም ልበላቸው? ያንን ቃል አሳትሜ ለስንት ሰው ላድል? ልሸፍንላችሁ ብዬ ነው።"

"የሸፈኑት የእኛን ነው ወይስ የራስዎን? እኛ እኮ የተሸጥን ነን እንጂ የገዛን አይደለንም።"

መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ሲናገሩ ለእሷ የሚናገሩ አይመስሉም ነበር። አያታቸው አትጠገብን በልጅነቷ ታውቃት እንደነበር፣ ወደ ግቢው የገባች ዕለት ከበቅሎ ኋላ ታስራ እንደነበር፣ ጥርሷ ገና እየረገፈ የሚበቅል ሕፃን እንደነበረች፣ አማርኛ አንድ ቃል እንደማታውቅ፣ የተጠራችበትን ስም እንኳ እዚያው እንዳወጡላት አያታቸው ስታወራ ሰምተዋል። ልጅቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል እየደጋገመች ታለቅስ ነበር። የግቢው ሰው የማያውቀው ቋንቋ ስለነበር ቃሉን ያስታወሰው የለም።

"ይህን ሽማግሌዎቹ ፊት ይናገሩልኝ" አለች ሰርክአዲስ።

"አያቶቼን ልክሰስ?"

"አያቴን ይመስክሩላት።"

ሁለተኛው ጉባኤ በዚያው ቤት ሆነ። አቶ ወልደ ሚካኤል የፈቀዱት መጽሐፉ ውስጥ የቆጠራ ስሕተት ተገኘ ስለተባሉ ብቻ ነው፤ ስሕተቱ ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም። የኔነሽ ከጓዳ አልወጣችም። በዚህ ጊዜ መምህር ኪዳኑ ተጠርተው መጥተዋል፤ የደሳለው እናትም ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

ደሳለው ቀድሞ ተናገረ። "ገራዶ ሄደን የጋብቻውን ጽሑፍ አይተናል፤ አትጠገብ የግራዝማች ልጅ አይደለችም፤ በቤታቸው ያደገች ናት" አለ፤ እዚያ ላይ ሊያቆም ፈለገ።

"በምን ምክንያት አደገች? ዘመድ ናት? ማደጎ ናት?" አሉ ቄስ ወንድምአገኘሁ።

ደሳለው በሩ ላይ ወደ ቆመችው ሰርክአዲስ ዞረ። ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ ስለ ራሷ ጋብቻ አትናገርም፤ ሰርክአዲስ ግን ከበሩ ወደ ውስጥ ገባች።

"ተገዝታ የመጣች ናት አባ። ባሪያ ነበረች። ኋላ ነጻ ወጣች።"

አቶ ወልደ ሚካኤል መጀመሪያ የሰሙ አይመስሉም ነበር። ከዚያ "ምን አልሽ?" አሉ። "ማን ፊት ነው የምትናገሪው? የማንን ስም ነው የምታነሺው?" መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሡ፤ የሚያደርጉትን አጥተው መልሰው አስቀመጡት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። "አባቷ ካልታወቀ ጌታዋ ላለመሆኑ ማን ዋስ ነው? እንዲህ ያለው በዱሮ ጊዜ ብዙ ነበር።"

ሰርክአዲስ ወደ መምህር ኪዳኑ አየች። መምህሩ ለመነሣት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አሉ። "ወደ ቤታችን ስትመጣ በእግሯ የምትሄድ፣ ሌላ አገር የተወለደች ልጅ ነበረች። አያቴ በዓይኗ አይታለች፤ ለእኔ ነግራኛለች። አያቶቼ ገዝተዋታል። መጽሐፉ ላይ ልጅ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዋሽቻለሁ። አቶ ወልደ ሚካኤል፣ ይቅር ይበሉኝ።"

አቶ ወልደ ሚካኤል ባርኔጣቸውን አንሥተው ከገዛ ቤታቸው ወጥተው ሄዱ።

ቄስ ወንድምአገኘሁ ጺማቸውን እየዳሰሱ "እንግዲህ በሥርዓቱ የሚከለክል ነገር የለም። ዘመድ አይደሉም" አሉ። ሁሉም የደሳለውን እናት ተመለከተ። ሴትዮዋ ቀና ሳይሉ "እኔ ምን እላለሁ፤ ዘመድ እንዳይሆኑ ስጸልይ ነበር፤ ጸሎቴ ተሰማ" አሉ። እልል ያለ ግን አልነበረም። በበነጋው ከሴትዮዋ ከቦሩ ሜዳ መልእክት መጣ፦ ለልጄ ሚስት ከምትሆን እህቱ ብትሆን ይሻለኝ ነበር የሚል።

ያ ሳምንት ለሰርክአዲስ ክፉ ነበር። ደሳለው ወደ እናቱ ሄዶ ቀረ። ስልኩ አይነሣም። ረውዳ ምሳዋን እያካፈለች "ይመጣል፣ አብሽሪ፣ ይመጣል" ትላታለች፤ ፊቷ ግን ሌላ ይናገራል። ሰርክአዲስ ማሽኗ ላይ ቆማ የምታስበው ስለ ደሳለው ብቻ አልነበረም። ከበቅሎ ኋላ የምትሮጠውን ልጅ ታስባለች። የትኛው አገር ነበር? እናቷ ምን ብላ ነበር የምትጠራት? መጽሐፍ ውስጥ ብትፈልግ፣ ብራና ብትገልጥ፣ ከዚያች ልጅ ወዲያ ያለ አንድም ስም የለም። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ሁሉ ሰባት ስም አለው። እሷ አራት ላይ ስትደርስ ገደል ነው።

ደሳለው የመጣው እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ከስቷል።

"እናቴ እንቢ አለች" አላት። "እኔ ደግሞ እሷን እንቢ አልኳት። የተናገርኩትን ለመናገር ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ አትቀየሚኝ።"

"ያንን ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት ቃሉን ለእኔ ነው የተውክልኝ።"

"አዎ።"

"ለምን?"

"አፈርኩ። በአንቺ አይደለም። እኔ ራሴ ከገዢው ወገን መሆኔን ማለት አቃተኝ።"

አልተቀየመችውም ማለት አይቻልም። ግን ተረዳችው፤ እሱም አልሸሸም።

የተጋቡት ኮምቦልቻ ማዘጋጃ ቤት ነው። ረውዳ ቀይ ሻሿን አሥራ ምስክር ሆና ፈረመች። ከደሳለው ወገን ቄስ ወንድምአገኘሁ ብቻ ተገኙ። ሊጀመር ሲል የኔነሽ ከደሴ በተነሣ ሚኒባስ ደርሳ፣ ነጠላዋ በአቧራ ተመትቶ፣ ሻንጣዋን እንደያዘች ገባች። ወንድሟ "ከሄድሽ አትመለሺ" ብለዋት ነበር። ልጇን ስትስማት "ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጬለት መጣሁ" አለቻት።

ከዚያ ወዲህ የኔነሽ ከእነሱ ጋር ትኖራለች። የኮምቦልቻ ሙቀት አልተስማማትም፤ ቀን ቀን ደጅ ጥላ ፍለጋ ወንበሯን እየጎተተች ትዞራለች። ወንድሟ በትውልዱ ስብሰባ ላይ ዘንድሮ አልታዩም ይባላል። ሁለት ጊዜ ደውላላቸው አላነሡም።

በፋሲካ ደሳለውና ሰርክአዲስ ቦሩ ሜዳ ሄዱ። ከተጋቡ ወዲህ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። የደሳለው እናት በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። ሰርክአዲስን ትራስ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ የእጅ ውሃ ራሳቸው አፈሰሱላት፤ ከዶሮው ጥሩ ጥሩውን አወጡላት። ሌሎቹ የቤቱ ምራቶች ማጀት ውስጥ ተጨናንቀው ይሳሳቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ሳሕን ይቀባበላሉ። ሰርክአዲስ ልታግዝ ስትነሣ ሴትዮዋ ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት።

"ተይ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ።"

እንደገና ብትነሣ እንደገና አስቀመጧት። ልጄ አላሏትም፤ በስሟም አልጠሯትም። ክፉ ቃልም አልተናገሯት።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ደሳለው "ደህና ተቀበለችሽ አይደል?" አላት። ፊቱን ስታየው ከልቡ ተስፋ አድርጓል።

"ደህና ተቀበለችኝ" አለች። መንገዱ ጥቂት ካለፈ በኋላ ግን መልሳ፦ "በሚመጣው ስንሄድ ማንንም ሳልጠይቅ ማጀት ገብቼ ሥራ እይዛለሁ። ታስወጣኝ እንደሆነ አያለሁ።"

ደሳለው ቀስ ብሎ አሰበበት። "ካስወጣችሽስ?"

"ያን ጊዜ ከቤቱ ሁለታችንም እንወጣለን" አለችው።